ለዝማም ያልነገርኋት ሕመም

መጀመሪያ የጠፋብኝ የምግብ ጣዕም ነው። ሽሮውም፣ ሙዙም፣ ሻዩም ምላሴ ላይ ብረት ብረት ይለኝ ጀመር። ጨጓራዬ ነው አልኩ። ነርስ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከኔ የባሰ ታማሚ ስለማይ የራሴን ነገር ችላ ማለት ልማዴ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደኔ የካንሰር መድኃኒት ለሚነኩ ሰዎች ነው። ለነርሶች፣ ለፋርማሲስቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መወልወያና ባልዲ ይዘው ከኋላችን ለሚገቡት። ታምሜ መዳኔን ብቻ ጽፌ ብተው ደስ ባለኝ። ግን እኔ ስድን የተጎዳ ሰው አለ። እሱን ዘልዬ የቀረውን ባወራ ውሸት ይሆንብኛል።

ስሜ ስንዱ ነው። የተወለድኩት ሰቆጣ ዙሪያ፣ ያደግኩት ሰቆጣ ከተማ ነው። የምሠራበት ሆስፒታል ግን ከዋግ ውጭ ነው፤ ከሰቆጣ በወልድያ በኩል አውቶቡስ ይዞ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ። ስሙን አልጠራም። ብዙ ደግ ሰዎች አሉበት፤ እዚህ የምጽፈው ጥፋትም አብዛኛው የራሴ ነው።

ሥራዬ ኬሞ መቀላቀል ነበር። ኬሞ የምንለው ለካንሰር በደም ሥር የሚሰጠውን ኃይለኛ መድኃኒት ነው። ካንሰሩን ሲያጠፋ ጤነኛውን የሰውነት ክፍልም ይነካል፤ የታካሚዎች ፀጉር የሚረግፈው፣ አፋቸው የሚቆስለው ለዚህ ነው። ዱቄቱን በመርፌ ውኃ አሟሙቼ፣ መጠኑን ለክቼ፣ ወደ ግሉኮሱ ከረጢት እጨምራለሁ። ይህ መሠራት ያለበት አየሩን ወደ ውስጥ በሚስብ ልዩ ካቢኔ ውስጥ ነው። እኛም ነበረን። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ተበላሸና እስኪጠገን ተብሎ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ተደረገልኝ። "እስኪጠገን" የተባለው እንደዋዛ ዓመት አለፈው።

መርፌውን ከብልቃጡ ስነቅል ትንሽ ፍስስ የሚል ነገር አለ። አንዳንዴ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ቀዩ መድኃኒት ሲንጠባጠብ ስለሚታይ በፋሻ እጠርገዋለሁ። ሌላው እንደ ውኃ ስለሆነ አይታይም፤ ስለማይታይም የለም ብዬ አልፈው ነበር።

አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የሳምንት ሥልጠና ወስጃለሁ። ሁለት ጓንት ደርቡ፣ ውኃ የማያሳልፍ ጋዋን ልበሱ፣ ክፍሉ ውስጥ አትብሉ፣ የሚያጸዱትን ሰዎች አስተምሩ ተብለናል። ስመለስ ሠራተኛውን አሠለጥናለሁ ብዬ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። አላሠለጠንኩም። ሥራው በዛ፣ ታካሚው በዛ፣ ጓንቱ አለቀ፣ እኔም ለመድኩት።

ዝማም የአባቴ ታላቅ እህት ልጅ ናት፤ በሰባት ዓመት ታንሰኛለች። አገሯ ጽጽቃ አካባቢ ነው። ትምህርቱ አልሆን ሲላት እንደ እኩዮቿ ዓረብ አገር ልትሄድ ደላላ ስታነጋግር፣ ለአክስቴ "እዚያ ከምትሄድ እኔ ጋ ትምጣ፤ ዓይኔ እያያት ትሠራለች" ብዬ የላክሁባቸው እኔ ነኝ። ለአስተዳደሩ ለምኜ የጽዳት ሥራ አስገባኋት፤ የኔ ክፍል ደረሳት። ሁለታችንም ደስ አለን። በዓመቱ ሞላ የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አገባች፤ ሽማግሌ ሲላክ የሴት ወገን ሆነን የተቀመጥነው እኔና ባለቤቴ ጌትነት ነን።

ወፍራሙ ጓንት ሲመጣ በጥቂቱ ነው። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ አስቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ዝማም ጨርቋን ይዛ መጣች።

"እትየ፣ ይሄን ጠረጴዛ ስወለውል እጄን ይለበልበኛል። ከዚያ ከወፍራሙ አንድ ብትሰጭኝ?"

"እሱ መድኃኒቱን ለሚቀላቅል ሰው ነው፣ ዝማምየ። ይበቃል ብለሽ ነው? አንቺ እኮ የምትነኪው ውኃ ነው።"

"ቆዳዬ እየተላጠ ነው፤ እይው።"

አየሁት። የጣቶቿ ጫፍ ተልጦ ቀይ ሆኗል። "በረኪናው ነው" አልኳትና ቫዝሊን ሰጠኋት። አመሰገነችኝ። ታካሚዎቹ ሲወጡ ያንኑ ጠረጴዛ በውኃ ታጥበውና ምሳ ዕቃችንን ከፍተን እዚያው ላይ እንበላ ነበር።

ከጣዕሙ ቀጥሎ አፌ ውስጥ ቁስል ወጣ። ከዚያ ራስ ምታት ያዘኝ፤ መድኃኒት በምቀላቅልባቸው ቀናት ይብሳል፤ እሑድ ይለቀኛል። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ መቅረት ጀመረ። የወር አበባዬም ቀረ። ጌትነትና እኔ ልጅ ከጠበቅን ስለቆየን በዚህኛው ደስ አለን፤ ፊቱ እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ምርመራው ግን የለም አለ። በሁለተኛውም ወር የለም አለ። ጌትነት አስተማሪ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ነው።

የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ ተባልኩና የሁለት ሳምንት መድኃኒት ዋጥኩ። አልተሻለኝም። ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ጨጓራ አሉኝ፤ ሌላው ደም ማነስ ብሎ የብረት እንክብል ሰጠኝ። የቆዳ ሐኪም ደግሞ የፀጉሬን ነገር በጭንቀት አመካኘው። የጌትነት ደመወዝ ለኔ ምርመራ እየሄደ መሆኑን እያየሁ "ይበቃኛል፣ ተሽሎኛል" እለው ነበር። እናቴ በስልክ "ዓይን ነው፤ ሰው በልቶሽ ነው፤ ጠበል ግቢ" አለችኝ፤ ገባሁም። ሥራ ቦታ እየመነመንኩ ስሄድ አንዳንዶቹ በሹክሹክታ የሚያወሩት ደረሰኝ። የኤች አይ ቪ ምርመራ አደረግሁ። ሌሎችን "አይዟችሁ" እያልኩ በማሳልፍበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ውጤቴን ጠበቅሁ። ነፃ ነኝ። ታዲያ ምንድን ነው?

የቁርጡ ቀን የመጣው በትንሽ ነገር ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጠኝ። በሦስተኛው ቀን እጄ እስከ አንጓው አብጦ ትኩሳት ጣለኝ። ጌትነት ሳያማክረኝ ተሳፍረን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደኝ።

የመጠበቂያው አዳራሽ ሰው ተረግጦ የሚታለፍበት ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ግድግዳ ተደግፌ ሳለ አንዲት ነጠላ ያጣፋች ሴት ጎንበስ ብላ አየችኝ።

"ሲስተር? አንቺ ነሽ?"

አላወቅኋትም። ፀጉሯ አድጎ፣ ፊቷ ሞልቶ ስለነበር ነው። ለክትትል የመጣች የድሮ ታካሚያችን ናት፤ መድኃኒቷን እኔ እቀላቅልላት ነበር። "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ። ሳልመልስላት የራሷን ተራ ቁጥር እጄ ላይ አስቀመጠች። "እኔ ድኛለሁ፤ ብቀመጥም ግድ የለኝም። ግቢ" አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተራ ወስጄ ያፈርኩበትና የተደሰትኩበት ጊዜ የለም።

ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። የደም ውጤቴን ደጋግማ አየችው። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር፤ ጣቴ እንደዚያ ያበጠው ለዚህ ነው።

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ነርስ ነኝ።"

"ነርስ መሆንሽን ካርድሽ ላይ አየሁት። በእጅሽ የምትነኪው ምንድን ነው ማለቴ ነው።"

ከዚያ ሁሉ ሐኪም ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። "ኬሞ እቀላቅላለሁ" አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በምን ውስጥ እንደምቀላቅል፣ ምን እንደምለብስ ጠየቀችኝ። ስነግራት ድምፄ እያነሰ ሄደ።

"በርግጠኝነት እሱ ነው ብዬ ልማልልሽ አልችልም" አለችኝ። "ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። ግን ከመድኃኒቱ ርቀሽ ደምሽ ከተመለሰ ያኔ ይለይልናል። መድኃኒቱ በጓንት ያልፋል፣ በትንፋሽ ይገባል፣ ጠረጴዛ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ የነካ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አብሮሽ የሚሠራው ማን ነው?"

"አንዲት ነርስ ትተካኛለች። የጽዳት ሠራተኛም አለች።"

"ንገሪያቸው። ዛሬ ደውይላቸው። በተለይ ልጅ ለመውለድ የሚያስቡ ከሆነ።" ሁለት ወረቀት ጻፈችልኝ። አንደኛው የሁለት ወር የሕመም ፈቃድ ነው፤ ሌላው ለሆስፒታላችን የተጻፈ፣ ክፍሉ እንዲፈተሽ የሚያሳስብ።

ፈቃዱን ለአስተዳደር ሰጠሁ። ሌላኛውን ቦርሳዬ ውስጥ ተውኩት።

ለምን እንደተውኩት ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ያኔ ለራሴ የሰጠሁት መልስ የታካሚዎቹ ነገር ነው የሚል ነበር፤ ክፍሉ ቢዘጋ ከሩቅ የሚመጡት ሰዎች የት ይሄዳሉ እል ነበር። ሐሰትም አይደለም። ግን እውነተኛው ምክንያት ፊርማዬ ነው። ወረቀቱ ቢገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሠራተኛውን አሠልጥኚ የተባለችው ማን ናት?" የሚል ነው። ዝማምም "ጓንት ጠይቄያት ነበር" ትላለች።

ያን ዕለት ጌትነት "ዝማምም እዚያ ክፍል አይደለች? ደወልሽላት?" አለኝ።

"ነግሬያታለሁ" አልኩት።

ባሌን በዚያ ዓይነት ነገር ዋሽቼው አላውቅም። እሱም አመነኝ።

ሰቆጣ እናቴ ዘንድ ገባሁ። ከመድኃኒቱ በራቅሁ በሁለተኛው ሳምንት የሻይ ጣዕም ተመለሰልኝ። አፌ ዳነ። እናቴ አጥሚቱን፣ ተልባውን እያፈራረቀች ታጠጣኛለች፤ ጎረቤት እየመጣ "ተመስገን፣ ፊትሽ ተመለሰ" ይለኛል። የገበያ ቀን በር ላይ ተቀምጬ ከየገጠሩ የሚገባውን ሰው አያለሁ። ሰውነቴ እያገገመ በሄደ ቁጥር ስልኬን ማየት እየከበደኝ መጣ። ዝማም አንድ ሁለቴ ደውላ "እትየ፣ እንዴት ሆንሽ? ክፍሉ ያለ አንቺ ጭር ብሏል" አለችኝ። "ደህና ነኝ" ብዬ ስለ አየሩ አወራኋት።

በአራተኛው ሳምንት አክስቴ ብርቄ ከጽጽቃ በአይሱዙ ተጭነው ሊጠይቁኝ መጡ። ነጭ ማር በቅል ይዘዋል። ወገባቸውን እያሻሹ ከአጠገቤ ተቀመጡ።

"ልጀ፣ ምን ነክቶሽ ነው እንዲህ የጠወለግሽው?"

"ተሽሎኛል፣ አክስቴ። እርስዎ ለምን ደከሙ።"

"ምን ድካም አለው። አንች ለኔ ያደረግሽልኝን።" እናቴ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ለሰው እንዳታወሪ፤ ገና ነው። ዝማም ፀንሳለች። ሁለተኛ ወሯን ጨርሳለች አሉ። አንች አለሽላት ብዬ እኮ ነው ተኝቼ የማድረው። ዓረብ አገር ብትሄድ ኖሮ ማን ያውቃል?"

አፌን ከፈትኩ። "አክስቴ" አልኳቸው።

"ወይ፣ ልጀ።"

"ማሩ... በጣም ጥሩ ነው።"

"ብይው፤ ለደም ይበጃል" አሉኝ።

ሲሄዱ መንገድ ድረስ ሸኘኋቸው። መኪናው ዳገቱን እስኪወጣ ቆምኩ። ዛሬ እደውላለሁ አልኩ። ከዚያ ከሰንበት በኋላ አልኩ። ከዚያ የደም ውጤቴ ይውጣና ነገሩ መድኃኒቱ መሆኑን ላረጋግጥ፤ በከንቱ ላስደነግጣት አይገባም አልኩ። አንድ ሰው ራሱን ሲያታልል ምክንያቱ ሁሉ ደግነት ይመስላል። ሐኪሟ "ዛሬ ደውይ" ካለችኝ ቀን ጀምሮ ሃምሳ አንድ ቀን ቆየሁ። አክስቴ ከመጡ እንኳ ሃያ ሦስት ቀን።

የደም ውጤቴ ሰቆጣ ወጣ። ተስተካክሏል። ወረቀቱን ይዤ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለጌትነት ደወልኩ፤ አለቀሰ። ቀጥዬ ለዝማም ደወልኩ። የምሥራቹን አስቀድሜ፣ ሌላውን አስከትዬ ልነግራት ነበር። ስልኩን ያነሳው ሞላ ነው።

"እትየ ስንዱ፣ ዝማም ሐኪም ቤት ናት። ፅንሱ ወረደባት።"

ባጃጁ መንገዱን ቀጠለ። ሾፌሩ "እዚህ ነው የሚወርዱት?" ሲለኝ ቤታችንን አልፈን ነበር።

በማግሥቱ ተሳፍሬ ሄድኩ። ዝማም ቤቷ ገብታ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። የጎረቤት ሴቶች "አይዞሽ፣ እግዜር ይተካል" እያሉ ነው። እነሱ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ስታየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"እትየ፣ ድነሻል! ፊትሽ..."

"ዝማም፣ የምነግርሽ አለ" አልኳት። ነገርኳት። በሽታዬ ምን እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ፣ እጇ ለምን ይላጥ እንደነበር። ሳላቋርጥ ነገርኳት፤ ካቋረጥኩ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ። ሞላ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አለችኝ።

"ሁለት ወር ሊሞላ ነው።"

"እናቴ ማር ይዛልሽ ስትመጣ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እንደፀነስኩ ነገረችሽ?"

"ነገረችኝ።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቢሰድበኝ ይሻለኝ የነበረው ሞላ በሩን ለቆልኝ ወደ ጎን ቆመ። ወጣሁ።

ሐኪሞቹ ፅንስ በብዙ ምክንያት እንደሚወርድ፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ እንደማይታወቅ ነገሩን። ይህ እውነት ነው። በመድኃኒቱ ነው ብሎ የሚያረጋግጥልኝ የለም፤ አይደለም ብሎ የሚያረጋግጥልኝም የለም። ከዚህ ጋር እኖራለሁ።

ያን ዕለት ማታ ለጌትነት እንደዋሸሁት ነገርኩት። ብዙ ቀን አላናገረኝም። በማግሥቱ ጠዋት ግን የሐኪሟን ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ይህ ከወጣ ክፍሉ ይዘጋል እኮ፣ ሲስተር" አሉ። ዳዊት የሚባል ፋርማሲስታችን አብሮኝ ነበር። "ይዘጋ፤ ተስተካክሎ ይከፈታል" አለ። ከመዘጋቱ በፊት ግን ሁሉም በዓይኑ እንዲያየው አንድ ነገር እንሥራ አለ።

ከዓይን ሕክምና ክፍል የዓይን ቁስል የሚታይበትን ቢጫ ቀለም አመጣ። ይህ ቀለም በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ያበራል። በመድኃኒቱ ፈንታ ባዶ ብልቃጥ ውስጥ በጣም ትንሽ ጨምሮበት "እንደ ወትሮሽ ቀላቅይ" አለኝ። ነርሶቹ፣ ሐኪሞቹ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ቆመው ያያሉ። ወደ ሥራ ከተመለሰች ሳምንት ያልሞላት ዝማም ከኋላ ናት። እንደ ወትሮዬ ቀላቀልኩ። ፋሻዬን ወስጄ ጠረግሁ። ጓንቴን አውልቄ እስክሪብቶ አነሳሁ፣ ካርድ ላይ ጻፍኩ፣ በሩን ከፍቼ ዘጋሁ። ዝማምን የምትተካ አንዲት ሴት ጠረጴዛውን እንደ ልማዱ በጨርቅ ወለወለች። ለዓይን የሚታይ ምንም ነገር አልነበረም።

ዳዊት መጋረጃውን ዘግቶ ሰማያዊውን መብራት አበራ።

ጠረጴዛው ላይ የሌሊት ሰማይ የመሰለ ነጠብጣብ ተበትኗል። እጅጌዬ ላይ አለ። እስክሪብቶው፣ ካርዱ፣ የበሩ እጀታ ላይ አለ። ጨርቁ የነካው ቦታ ሁሉ እንደ ተለቀለቀ ያበራል፤ ማጽዳት ብለን ስናደርገው የኖርነው ማዳረስ ነበር። የሴትዮዋ መዳፍ ከነጣቶቿ ያበራል። እጇን ወደ ፊቷ ስታነሳ ዳዊት "እንዳትነኪ!" ብሎ ጮኸ።

በጨለማው ውስጥ ከኋላ የዝማም ድምፅ መጣ። "ምሳችንን የምንበላው እዚህ ላይ ነበር።" ለማንም አልተናገረችም። ሁሉም ሰማ።

ክፍሉ ተዘጋ። ተራቸው የደረሰ ታካሚዎች ወደ ሌላ ከተማ ተላኩ፤ አንድ አባት ሴት ልጃቸውን ይዘው በሩ ላይ "ታዲያ እኛ ምን አጠፋን?" አሉኝ። ካቢኔው ተጠግኖ ሲከፈት ነገሩ ሌላ ሆነ። አሁን የሚቀላቅል ሰው ሁለት ጓንት ደርቦ፣ ውኃ የማያሳልፍ ጋዋንና መነጽር አድርጎ ነው። ከሥሩ ፈሳሽ የሚመጥ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሥራው ሲያልቅ ተጠቅልሎ ለብቻው በሚቃጠል ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ጓንቱና ጋዋኑ ለጽዳት ሠራተኛም እኩል ይታደላል፤ ቁም ሳጥኑ ቁልፍ የለውም። ታካሚ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ሽንቱንና ትውከቱን የሚያነሳም ሰው ጓንት ያደርጋል፤ አስታማሚ ቤተሰብም እንዲሁ። የሥራ ልብስ ቤት አይሄድም። የተካችኝ ነርስና የጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ ደማቸው ተመረመረ፤ ደህና ናቸው። ለማርገዝ ያሰበችና ያረገዘች፣ የምታጠባም፣ ከክፍሉ ትወጣለች፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ጽጽቃም ሄድኩ። አክስቴ ደጃቸው ላይ እህል ያበጥራሉ። ዝማም እንዳልነገረቻቸው ሰላምታቸው አስታወቀኝ። የሆነውን ሁሉ በአማርኛ ስነግራቸው ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አዳመጡኝ። ስጨርስ በኽምጣኛ፣ በዋጉ የአገው ቋንቋ፣ "ስንት ቀን?" አሉኝ። ሆድ የሚነካ ነገር ሲሆን ወደ ኽምጣኛ ይመለሳሉ። የኔ ኽምጣኛ የልጅነት ነው፤ ቁጥር መጥራት ግን እችላለሁ። ነገርኳቸው።

ሰፌዱን መሬት ላይ አውርደው በአማርኛ ተናገሩ። "ይቅር ማለቱ የኔ አይደለም፤ የሷ ነው። አንች ግን ደብቀሽ አትኑሪበት። እንደሷ ባልዲ የሚይዙ ሌሎች አሉ። ሂጂና ንገሪያቸው።" ውኃ እንኳ አላቀረቡልኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።

እንዳሉት አደረግሁ። በየሆስፒታሉ እየዞርኩ፣ ባገኘሁት ሥልጠና ሁሉ ታሪኩን ከነፊርማዬ እናገራለሁ። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ የምታነበው ወንድሜ፤ አፍህ ብረት ብረት ካለህ፣ ፀጉርሽ ከረገፈ፣ እጅሽ ከተላጠ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅሽም በእጅሽ የምትነኪውን ንገሪው። ያወቅሽውን ደግሞ ከጎንሽ ለምትሠራው ያን ዕለት ንገሪያት። የሚያስፈራሽ ነገር ቢነሳም ንገሪያት።

እኔ ድኛለሁ። ፀጉሬ ተመልሷል፤ የወር አበባዬም። ልጅ ገና አልሰጠንም።

ዝማም ከዚያ በኋላ ሥራዋን አልለቀቀችም። ለአዳዲስ የጽዳት ሠራተኞች ጓንት አወላለቁን የምታሳየው እሷ ናት፤ ሻይ ይዞ ሊገባ የሞከረ ሐኪም በሩ ላይ ስትመልስ አይቻታለሁ። እኔን ከሥራ ውጭ አታናግረኝም ነበር። ወራት እንዲህ ከሄዱ በኋላ አንድ ጠዋት ካቢኔው ፊት ልቀመጥ ጋዋኔን ለብሼ ሳለሁ በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"ፀንሻለሁ" አለችኝ። "ከሞላ ሌላ የሚያውቅ የለም። ከዚህ ልውጣ።"

ጋዋኔን አወለቅሁ። እጄን ታጥቤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ "ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከሰዓት ተመለሺ" አለችኝ። በሩን አንኳኩቼ ገባሁ። ከምሳ በፊት ዝማም ካርድ ክፍል ተመደበች።

ይህን ስጽፍ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ስለ ልጁ አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም።